የሾለ ኤሌክትሮድ ጫፍ ላይ ያለውን የኤሌክትሪክ መስክ በሞዴል ማስላት፦ ዝርዝር መመሪያ

በፖሊኢትሊን (ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ፕላስቲክ) ውስጥ የተቀበረ የብረት መርፌ አለ እንበል። የጫፉ ራዲየስ 5 ማይክሮሜትር ነው። ከፊቱ 2 ሚሊሜትር ርቆ ከመሬት ጋር የተገናኘ ጠፍጣፋ ሳህን አለ፤ በመርፌውና በሳህኑ መካከል 10 ኪሎቮልት ተሰጥቷል። ቮልቴጁን ለርቀቱ ብናካፍለው 5 ኪሎቮልት በሚሊሜትር ይመጣል፤ ፖሊኢትሊን ይህን ያለ ችግር ይሸከማል። የመርፌው ጫፍ ላይ ያለው መስክ ግን ከ540 ኪሎቮልት በሚሊሜትር ያልፋል፤ ከአማካዩ ከመቶ እጥፍ በላይ ማለት ነው። ከ10 ኪሎቮልቱ ግማሹ የሚያልቀውም ከጫፉ በሚቀጥሉት 100 ማይክሮሜትር ውስጥ ነው። ኢንሱሌተሩን ከውስጥ እየቦረቦረ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ዛፍ የሚበቅለው እዚያ ነው።

ችግሩ ሶፍትዌር ሁልጊዜ አንድ ቁጥር መስጠቱ ነው። ሜሹ (ቅርጹ ለስሌት ኤለመንት በሚባሉ ትናንሽ ቁርጥራጮች የሚከፋፈልበት መረብ) ሻካራ ቢሆን፣ ቅርጹ ቢሳሳት፣ የድንበር ሁኔታው (በሞዴሉ ጠርዞች ላይ የሚሰጠው ቮልቴጅ ወይም መስክ) ቢገለበጥ እንኳ ያማረ ባለ ቀለም ሥዕል ይወጣል። በዚህ መመሪያ የምንከተለው ቅደም ተከተል ለዚህ የታሰበ ነው፤ መጀመሪያ በወረቀት እንገምታለን፣ ቀጥሎ ትክክለኛ መልሱ በሚታወቅ ቅርጽ ሶፍትዌሩን እንፈትናለን፣ እውነተኛውን መርፌ የምንስለው ከዚያ በኋላ ብቻ ነው።

ደረጃ 1፦ በወረቀት መገመት

መርፌው የሃይፐርቦላ ቅርጽ አለው ብለን ብንወስድ የጫፉ መስክ በአንድ መስመር ይሰላል። ሜሰን በ1955 እ.ኤ.አ. በጠጣር ኢንሱሌተሮች ብልሽት ላይ ባሳተመው ሥራ የተጠቀመበት ቀመር ይህ ነው፦

ከፍተኛ መስክ = 2 × ቮልቴጅ ÷ [ራዲየስ × ሎን(1 + 4 × ክፍተት ÷ ራዲየስ)]

ሎን የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ነው። ለእኛ ምሳሌ 4 × ክፍተት ÷ ራዲየስ 1600 ይሆናል፤ የ1601 ሎጋሪዝም 7.378 ነው፤ ስለዚህ መስኩ 542 ኪሎቮልት በሚሊሜትር ነው።

ቀመሩን ከመተዋችሁ በፊት ግብዓቶቹን ከፍ ዝቅ አድርጉና ምን እንደሚሆን እዩ። ራዲየሱ 4 ማይክሮሜትር ቢሆን 658፣ 6 ቢሆን 463 ኪሎቮልት በሚሊሜትር ይመጣል። ክፍተቱን ግን በ10 በመቶ ጨምራችሁ 2.2 ሚሊሜትር ብታደርጉት ውጤቱ የሚቀንሰው በ1.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ክፍተቱ ያለው ሎጋሪዝም ውስጥ ነው፤ ራዲየሱ ግን ከውጭም ቆሞ በቀጥታ ያካፍላል። በተግባር ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ የምትለኩበት ጊዜና ጥንቃቄ በሙሉ ወደ ጫፉ ራዲየስ ይሂድ። መርፌውን ወደ ቁሱ ከማስገባታችሁ በፊት በማይክሮስኮፕ ፎቶ አንሡት፣ በጫፉ ላይ ክብ ግጠሙበት፣ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ሳይሆን መርፌውን 90 ዲግሪ አዙራችሁ ድገሙት። አምራቹ በካርቶኑ ላይ የጻፈው ራዲየስ የምርቱ እንጂ የዚያች አንዲት መርፌ አይደለም።

ቮልቴጁ ተለዋዋጭ ከሆነ ደግሞ በቀመሩ የሚገባው የጫፍ ዋጋው፣ ማለትም ቮልቴጁ የሚደርስበት ከፍተኛ ዋጋ (ፒክ) ነው። 10 ኪሎቮልት በአርኤምኤስ (የተለመዱ ቮልትሜትሮች የሚያሳዩት ውጤታማ ዋጋ) ከተለካ ከፍተኛ ዋጋው 14.14 ኪሎቮልት ስለሆነ መስኩም ወደ 767 ይወጣል። ይህ 41 በመቶ ልዩነት በሪፖርቶች ውስጥ ሳይነገር ሲያልፍ ብዙ ጊዜ ይታያል።

ደረጃ 2፦ መልሱ በሚታወቅ ቅርጽ መጀመር

የሜሰን ቀመር ግምታዊ ቢሆንም ሃይፐርቦሎይድና ሳህን ትክክለኛ መፍትሔ አላቸው፤ ለእኛ ቁጥሮች 543 ኪሎቮልት በሚሊሜትር ይሰጣል። ሶፍትዌራችሁን ይህን እንዲያወጣ አድርጉት። ጂምሽ (Gmsh) እና ኤልመር (Elmer)፣ ፌኒክስ (FEniCS)፣ ኮምሶል (COMSOL) ወይም ፌም (FEMM) ቢሆን የሥራው ይዘት አንድ ነው።

1. ችግሩን በዘንግ ዙሪያ ሲሜትሪ ባለው ባለ ሁለት ዳይሜንሽን ዓይነት ክፈቱ። አግድም የምትለኩት ከዘንጉ ያለውን ርቀት፣ ወደ ላይ የምትለኩት ደግሞ ከሳህኑ ያለውን ከፍታ ነው። የርዝመት መለኪያው ሚሊሜትር ይሁን። በሜትር ከሳላችሁ የጫፉ ዝርዝሮች ወደ አስር ሚሊዮንኛ ሜትር ይወርዳሉ፤ ብዙ የመሳያ ፕሮግራሞች ያን ያህል የተቀራረቡ ነጥቦችን እንደ አንድ ነጥብ የመቁጠር አደጋ አለባቸው።

2. የመርፌውን ጎን በነጥቦች ሥሩ። ከፍታው 2 × ኮሽ(ተ)፣ ከዘንጉ ያለው ርቀት 0.1 × ሲንሽ(ተ) ነው፤ ኮሽ እና ሲንሽ ሃይፐርቦሊክ ኮሳይንና ሳይን ናቸው፣ ተ ደግሞ ከጫፉ ተነሥቶ በመርፌው ጎን ላይ የሚያስኬደን ቁጥር ነው። 0.1 የመጣው ከክፍተቱና ከራዲየሱ ብዜት ስኩዌር ሩት ነው፤ የ2 × 0.005 ስኩዌር ሩት። ተ ከ0 እስከ 0.2 በ0.005 እርምጃ፣ ከዚያ እስከ 3 በ0.05 እርምጃ ይሂድ። ነጥቦቹን በስፕላይን (በሁሉም ውስጥ በሚያልፍ ለስላሳ ኩርባ) አያይዟቸው።

3. የውጭ ድንበሩን አራት ማዕዘን አታድርጉት፤ የኤሊፕስ ሩብ ይሁን። መሃሉ ዘንጉ ሳህኑን የሚነካበት ነጥብ ነው፣ የአግድም ግማሽ ዘንጉ 20.06፣ የቁም ግማሽ ዘንጉ 20.16 ሚሊሜትር። ይህ ኤሊፕስ ተ = 3 ላይ መርፌውን ያገኛል። የተመረጠበት ምክንያት አለው፤ በዚህ ቅርጽ የመስክ መስመሮቹ ራሳቸው ኤሊፕሶች ስለሆኑ ድንበሩ በአንዱ መስመር ላይ ያርፋል፤ «በድንበሩ በኩል የሚያልፍ መስክ የለም» የሚለው ሁኔታ እዚህ ግምት ሳይሆን ፍጹም እውነት ይሆናል። ሞዴሉ በድንበር በመቆረጡ የሚመጣ ስህተት ስለማይኖር የሚቀረው ስህተት የሜሹ ብቻ ነው።

4. መርፌው 10,000 ቮልት፣ ሳህኑ 0 ቮልት፤ ዘንጉና ኤሊፕሱ ምንም አይሰጣቸው። ፊኒት ኤለመንት (እነዚህ ሶፍትዌሮች የሚጠቀሙበት፣ ቅርጹን በኤለመንቶች ከፋፍሎ የማስላት ዘዴ) ያልተነካ ድንበርን መስክ የማያልፍበት አድርጎ ይወስደዋል።

5. ፐርሚቲቪቲውን (ቁሱ ከባዶ ቦታ አንጻር ለኤሌክትሪክ መስክ ያለውን ምላሽ የሚገልጸውን ቁጥር) 2.3 አድርጉት። የፈለጋችሁትን ብትሰጡትም ግን መስኩ አይለወጥም፤ ክፍተቱን የሞላው አንድ ወጥ ቁስ እስከሆነ ድረስ ፐርሚቲቪቲ የሚቀይረው ካፓሲታንሱን ነው። ለሙከራ 1 እና 10 አስገቡና አረጋግጡ፤ መስኩ ከተለወጠ ሞዴሉ ውስጥ ያላወቃችሁት ሁለተኛ ቁስ አለ።

የራሳቸውን ኮድ የሚጽፉ ሰዎች አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ በዘንግ ዙሪያ ሲሜትሪ ሲኖር እያንዳንዱ ኢንቴግራል ከዘንጉ ባለው ርቀት መባዛት አለበት። ማባዣው ከተረሳ፣ ወይም በሶፍትዌሩ ምናሌ ላይ ጠፍጣፋው ዓይነት ሳይቀየር ከቀረ፣ መርፌው ወደ ገጹ ጥልቀት ያለ ማብቂያ የሚዘረጋ ምላጭ ይሆናል። ለዚሁ ቅርጽ የምላጩ የጫፍ መስክ ወደ 66 ኪሎቮልት በሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ከመርፌው በስምንት እጥፍ ያንሳል። ሥዕሉ ግን ያው ይመስላል። 543 ሲጠበቅ 66 አካባቢ ካያችሁ ሌላ ስህተት አትፈልጉ።

ደረጃ 3፦ ሜሹ

ጫፉ አጠገብ መስኩ እንዴት እንደሚወድቅ ማወቅ የሜሹን መጠን ይወስናል። በዘንጉ ላይ ከጫፉ ስትርቁ መስኩ በ(1 + 2 × ርቀት ÷ ራዲየስ) እየተካፈለ ይቀንሳል፤ ይህ ጫፉ አጠገብ ጥሩ ግምት ነው። አንድ ራዲየስ ያህል፣ ማለትም 5 ማይክሮሜትር ስትርቁ መስኩ ወደ ሲሶ ወርዷል። እንግዲህ የመጀመሪያ ደረጃ ሦስት ማዕዘን (በውስጡ ቮልቴጁ በቀጥታ መስመር የሚለወጥበት ኤለመንት) በውስጡ አንድ ቋሚ መስክ ብቻ ነው የሚይዘው፤ የሚይዘውም የቁመቱ አጋማሽ ላይ ያለውን ያህል ነው። ጎኑ 1 ማይክሮሜትር ቢሆን ጫፉ ላይ ከ10 እስከ 15 በመቶ ትከስራላችሁ፤ 0.1 ማይክሮሜትር ቢሆን ኪሳራው ወደ 2 በመቶ ይወርዳል። ሁለተኛ ደረጃ ኤለመንት (ቮልቴጁ በኩርባ የሚለወጥበት) ካላችሁ ሁልጊዜ እሱን ምረጡ፤ በ0.2 ማይክሮሜትር ከዚያ የተሻለ ይሠራል። ፌም የመጀመሪያ ደረጃ ሦስት ማዕዘን ብቻ ስለሚጠቀም በእሱ ስትሠሩ እስከ 0.05 ውረዱ።

ከጫፉ ሲርቁ መጠኑ በዝግታ ይደግ። በጂምሽ ይህን በርቀት ላይ የተመሠረተ የመጠን መቆጣጠሪያ አስሩት፤ መጠን = 0.1 ማይክሮሜትር + 0.15 × ከጫፉ ያለው ርቀት፣ ጣሪያው 1 ሚሊሜትር። እንዲህ ሲሆን ጠቅላላው ኤለመንት በሺዎች ወይም በአሥር ሺዎች ይቆጠራል፤ ለተራ ላፕቶፕ የሰከንዶች ሥራ ነው። ሞዴሉን በሙሉ በአንድ ዓይነት ጥቃቅን ኤለመንት የሚሞላ ሰው ማሽኑን ያደክማል እንጂ ጫፉን አያሻሽልም።

ሌላው ወጥመድ ኩርባው ራሱ ነው። ኩርባው በቀጥታ መስመሮች ከተቆራረጠ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ትንሽ ሹል ማዕዘን ይሆናል፤ መስኩም በእያንዳንዱ ማዕዘን ላይ ይከማቻል። ሜሹን ብቻ እያጠበቃችሁ የኩርባውን ቁርጥራጮች እንዳሉ ከተዋችኋቸው ውጤቱ ከመሻሻል ይልቅ በማዕዘኖቹ ላይ መሾል ይጀምራል። ሁለቱን አብራችሁ አጥብቁ። በፌም የቅስቱን ከፍተኛ የቁራጭ ዲግሪ ወደ 1 ወይም ከዚያ በታች አውርዱት፤ በሌሎቹ ደግሞ ጎናቸው የሚታጠፍ ሁለተኛ ደረጃ ኤለመንቶችን አብሩ።

ደረጃ 4፦ ማረጋገጥ

በዘንጉ ላይ ከጫፉ እስከ ሳህኑ እነዚህን ዋጋዎች ማግኘት አለባችሁ፦

ጫፉ ላይ፦ 10 ኪሎቮልት፣ 543 ኪሎቮልት በሚሊሜትር
5 ማይክሮሜትር ርቀት፦ 8.51 ኪሎቮልት፣ 181
20 ማይክሮሜትር፦ 7.01 ኪሎቮልት፣ 60.6
100 ማይክሮሜትር፦ 4.93 ኪሎቮልት፣ 13.6
1 ሚሊሜትር፦ 1.49 ኪሎቮልት፣ 1.80
ሳህኑ ላይ፦ 0፣ 1.35

ቮልቴጁ ገና ሻካራ በሆነ ሜሽም ይገጥማል፤ ስለዚህ ቮልቴጅ መግጠሙ አያጽናናችሁ። የሚፈትነው የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለው መስክ ነው፤ እሱ ከ543 በ1 በመቶ ውስጥ ካልገባ ወደ ደረጃ 5 አትለፉ። ሳህኑ ላይ ያለው 1.35 ስህተት ከሆነ ግን ችግሩ ከጫፉ ሳይሆን ከድንበሩ ነው።

ተጨማሪ ፈተና፦ ከመርፌው የሚወጣውንና ሳህኑ ላይ የሚያርፈውን ቻርጅ የመስኩን መጠን በየገጾቹ ላይ በመደመር ለየብቻ አስሉ። እኩል መሆን አለባቸው። የመርፌው ካነሰ ጫፉ አካባቢ ሜሹ ገና ሻካራ ነው።

ደረጃ 5፦ እውነተኛው መርፌ

የተሳለ መርፌ ሃይፐርቦላ አይደለም። የእኛ ሃይፐርቦላ ከርቀት ሲታይ ወደ ኮን ይጠጋል፤ የኮኑ ሙሉ ማዕዘን 5.7 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ለዛፍ ሙከራ የሚውሉ መርፌዎች ግን ብዙ ጊዜ 1 ሚሊሜትር ውፍረትና 30 ዲግሪ የጫፍ ማዕዘን አላቸው። የወፈረው ኮን ጫፉን በከፊል ስለሚከልለው እውነተኛው መስክ ከሜሰን ቀመር ያነሰ ይሆናል። ቀመሩን ለእንዲህ ዓይነት መርፌ እንዳለ የሚወስድ ሰው የቁሱን ጥንካሬ ካለው በላይ አድርጎ ይዘግባል።

አሳሳሉ እንዲህ ነው። የጫፉ ክብ መሃል ከሳህኑ ክፍተቱን ሲደመር ራዲየሱን ያህል ከፍ ይላል፤ 2.005 ሚሊሜትር። ክቡና ኮኑ ሳይሰበሩ የሚገናኙበት ነጥብ ከዘንጉ በራዲየስ × ኮሳይን 15፣ ማለትም 4.83 ማይክሮሜትር ይርቃል፤ ከጫፉ ደግሞ በራዲየስ × (1 − ሳይን 15)፣ ማለትም 3.71 ማይክሮሜትር ከፍ ይላል። ከዚያ ኮኑ 0.5 ሚሊሜትር ራዲየስ እስኪደርስ 1.85 ሚሊሜትር ገደማ ይወጣል፤ ቀጥሎ ቢያንስ 15 ሚሊሜትር ቀጥ ያለ የመርፌ አካል። ቅስቱ 6.5 ማይክሮሜትር ያህል ርዝመት ስላለው በ0.1 ማይክሮሜትር 65 ኤለመንቶች ይይዛል።

መገናኛው ነጥብ በጥቂት ዐሥረኛ ማይክሮሜትር እንኳ ቢዛነፍ እዚያ ሹል ጠርዝ ይፈጠራል። ስለዚህ መስኩን በቅስቱ ላይ ከዘንጉ እስከ ኮኑ በግራፍ አውጡት። ከዘንጉ ጀምሮ ለስላሳ ሆኖ መውረድ አለበት። እንደ መጋዝ ጥርስ ከተዘረዘረ ሜሹ ነው፤ መገናኛው ላይ ጉብታ ካለ ቅርጹ ነው።

እዚህ የኤሊፕሱ ዘዴ አይሠራም፤ የውጭ ድንበሩ ግምት ይሆናል። የድንበሩን ራዲየስ 20 ሚሊሜትር አድርጋችሁ ፍቱ፣ ከዚያ 40። የጫፉ መስክ ከ0.5 በመቶ በላይ ከተለወጠ ቀጥሉበት። በአንድ ጊዜ ስህተቱን ለማወቅ ከፈለጋችሁ ያንኑ ድንበር አንዴ ነጻ ትታችሁ፣ አንዴ ደግሞ 0 ቮልት አድርጋችሁ ፍቱና ልዩነቱን እዩ፤ ልዩነቱ ጠባብ ከሆነ ድንበሩ በቂ ርቋል።

በምንም ሁኔታ ጫፉን ያለ ራዲየስ፣ እንደ ነጥብ አትሳሉት። ፍጹም ሹል ጫፍ ላይ መስኩ ወሰን የለውም። ማወቂያው ቀላል ነው፤ የኤለመንቱን መጠን በ0.4፣ 0.2፣ 0.1 እና 0.05 ማይክሮሜትር ደጋግማችሁ ፍቱ። ጤናማ ሞዴል በየእርምጃው እየጠበበ ወደ አንድ ቁጥር ይረጋል። ሹል የ30 ዲግሪ ኮን ግን መጠኑ በተጋመሰ ቁጥር መስኩን ወደ 1.7 እጥፍ ገደማ እያሳደገ ያለ ማቋረጥ ይቀጥላል። ያን ጊዜ የምታነቡት የሜሻችሁን መጠን እንጂ የመስክ ዋጋ አይደለም።

ደረጃ 6፦ ጫፉ ላይ የተረፈ ጋዝ

መርፌው ወደ ሞቀ ፖሊኢትሊን ሲገባ ወይም ኤፖክሲ ሲጠነክር እየተሸበሸበ ሲሄድ ቁሱ ከብረቱ ሊላቀቅ ይችላል። 0.5 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው የጋዝ ንብርብር በጫፉ ዙሪያ ጨምሩ፤ ፐርሚቲቪቲው 1፣ በውፍረቱ ቢያንስ 4 ኤለመንቶች ይኑሩት። አሁን ፐርሚቲቪቲ ዋጋ ያገኛል፤ በጋዙና በቁሱ ወሰን ላይ መስኩ በ2.3 እጥፍ ይዘልላል። በሃይፐርቦላው ምሳሌ በብረቱ ላይ ያለው መስክ ወደ 1,200 ኪሎቮልት በሚሊሜትር ይጠጋል፤ በግማሽ ማይክሮሜትር ጋዝ ላይ ብቻ ከ500 ቮልት በላይ ይወድቃል። የዛፍ ሙከራ ውጤቶች ከናሙና ናሙና በሰፊው ሲበታተኑ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ይህን ንብርብር ነው። ናሙናውን ከቮልቴጅ በፊት በብርሃን አሳልፋችሁ በማይክሮስኮፕ እዩት፤ የተላቀቀ ጫፍ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል።

ደረጃ 7፦ ቁሱ ራሱ ሲመልስ

543 ኪሎቮልት በሚሊሜትር የሊኒየር ስሌት፣ ማለትም ቁሱ በመስኩ አይለወጥም ብሎ የሚነሣ ስሌት ውጤት ነው። ፖሊኢትሊን በእንዲህ ያለ መስክ ሥር ዝም ብሎ አይቆይም፤ ከብረቱ ቻርጅ ይገባበታል፣ የገባውም ቻርጅ የጫፉን መስክ ያረግበዋል። የገባው ቻርጅ ምልክቱ ከኤሌክትሮዱ ጋር አንድ ስለሆነ ጫፉ የወፈረ ያህል ነው። ቮልቴጁ በድንገት ወደ መሬት ሲወርድ ወይም ሲገለበጥ ግን ያው ቻርጅ ተቃራኒ ሆኖ መስኩን ያበረታዋል፤ ቀጥተኛ ቮልቴጅ (ዲሲ) ላይ የቆየ ናሙና ከመሬት ጋር በተገናኘበት ቅጽበት ዛፍ ሊያወጣ የሚችለው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ይህ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ ወስኑ። በ50 ኸርዝ ኮንዳክቲቪቲው (ቁሱ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ) ከ6 × 10⁻⁹ ሲመንስ በሜትር እጅግ ያነሰ እስከሆነ ድረስ መስኩን የሚያከፋፍለው ፐርሚቲቪቲ ነው። በቀጥተኛ ቮልቴጅ ግን ጊዜ ሲያልፍ ኮንዳክቲቪቲ ይረከበዋል። ለ10⁻¹⁵ ሲመንስ በሜትር የርክክቡ ጊዜ 20,000 ሰከንድ ገደማ፣ ከ5 ሰዓት ተኩል በላይ ነው። የአንድ ደቂቃ ሙከራን በተረጋጋ የኮንዳክሽን ሞዴል ማስላት ገና ያልደረሰ ሁኔታን ማስላት ይሆናል።

ሞዴሉን ስትሠሩ ኮንዳክቲቪቲውን ከመስክ ጋር የሚያድግ አድርጉት፤ የተለመደው ቅርጽ መነሻ ኮንዳክቲቪቲ × ሲንሽ(ቤታ × መስክ) ÷ (ቤታ × መስክ) ነው። ቤታ ኮንዳክቲቪቲው ከመስክ ጋር ምን ያህል በፍጥነት እንደሚያድግ የሚወስን የቁሱ ቋሚ ነው። 10⁻⁷ ሜትር በቮልት ቢሆን ጫፉ ላይ ቤታ × መስክ 54 ይሆናል፤ ሲንሹም ከ10²³ ያልፋል። ሶልቨሩ (እኩልታዎቹን የሚፈታው የሶፍትዌሩ ክፍል) ከዚህ ተነሥቶ መፍትሔ ላይ አይደርስም። ስለዚህ ከ1 ኪሎቮልት ጀምሩ፣ በ0.5 ኪሎቮልት እየጨመራችሁ ያለፈውን መፍትሔ መነሻ አድርጉ፣ የኒውተን እርምጃውን (ሶልቨሩ በየዙሩ መፍትሔውን የሚያርምበትን መጠን) ግማሽ ያህል አርግቡት፣ የኤክስፖነንቱንም ጣሪያ ወስኑ። ውጤቱ ሲረጋ ጫፉ ላይ የነበረው ሹል ግራፍ አናቱ ተጨፍልቆ፣ ወደ ቁሱ ውስጥ ሰፋ ብሎ ታዩታላችሁ።

በተረጋጋ ሁኔታ መነሻ ኮንዳክቲቪቲው ከእኩልታው ሁለቱም ወገን ይሰረዛል፤ መስኩን የሚወስነው ቤታ ብቻ ነው። ስለዚህ በዝቅተኛ መስክ የተለካ ኮንዳክቲቪቲ ብቻ ይዛችሁ ይህን ሞዴል አትጀምሩ፤ የሚያስፈልጋችሁ በብዙ የመስክ ዋጋዎች የተለካ ከርቭ ነው፣ ያም ከምትሠሩበት ሙቀት ጋር በሚስማማ ሙቀት የተለካ።

ውጤቱን ስትጽፉ ከመስኩ ቁጥር አጠገብ እነዚህ ይኑሩ፦ የተለካው የጫፍ ራዲየስ ከነስህተቱ፣ የጫፉ ማዕዘን፣ ቮልቴጁ ከፍተኛ ዋጋ (ፒክ) ነው ወይስ አርኤምኤስ፣ ጫፉ ላይ ያለው የኤለመንት መጠንና ደረጃ፣ ስሌቱ ሊኒየር ነው ወይስ ቻርጅን ያካተተ። ራዲየሱ 5 ± 1 ማይክሮሜትር ከሆነ 543 ብሎ በሦስት አሃዝ መጻፍ አይገባም፤ ከ460 እስከ 660 ኪሎቮልት በሚሊሜትር ብላችሁ ጻፉ።